ከቢር ቦዩን ሲያሰፋ

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ውስጥ ሱቅ የነበረው ከቢር ሙርሺዳን ለማግባት የቀረው አምስት ቀን ብቻ ነበር። አባቷ ሀጂ ጣሃ ቁርጡን ነግረውታል፤ እስከ ዓርብ ኒካው ካልታሰረ ቅዳሜ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሀገር ቤት ይበራሉ።

እንቅፋቱ የሰፈሩ ፖሊስ ሳጅን ማሴኮ ነበር። ሰርግ ተከልክሏል፤ ሳጅኑ ደግሞ የተከለከለ ነገር አለ ሲባል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። የነከቢርን የመጀመሪያ ሰርግ ሩዙ እንኳ ሳይበስል በትኖታል። ከዚያ ወዲህ ከከቢር ሥር አይጠፋም።

"ማይ ፍሬንድ፣ አንተ የት እንዳለህ ካወቅሁ ሰርጉም የት እንዳለ አወቅሁ" ይለዋል።

ሰኞ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። ከቢር ዱቄቱን በሱቁ ጀርባ በሚያልፈው ቦይ፣ በአሮጌ የመታጠቢያ ገንዳ ማመላለስ ጀመረ። ሁለት ጆንያ ሲጫንበት ገንዳው ሰመጠ።

ማክሰኞ ከስምንት ባዶ በርሜልና ከሁለት በር ታንኳ ሠራ። ታንኳዋ ግን ለቦዩ ሰፋች። ከቢር ጎማና ደለል ሲያወጣ፣ ዳር ዳሩን በአካፋ ሲልጥ ዋለ። ሁለቱ የእግረኛ ድልድዮችም ዝቅ ያሉ ስለነበሩ ረቡዕ በብሎኬት ከፍ አደረጋቸው። ደንበኞቹ ከዳር ቆመው "ካፒቴን!" እያሉ ያጨበጭባሉ። ደስ የሚል ዕብደት ነበር።

ሳጅኑን የከነከነው ግን ከቢር ሱቁ ጋ አለማቆሙ ነው። ቦዩን ቁልቁል እስከ ሀጂ ጣሃ ግቢ ጀርባ ድረስ አሰፋው።

"እዚያ ደግሞ ምን ልታደርስ ነው?"

"እነሱም ዱቄት ይበላሉ፣ ሳጅን።"

ሳጅኑ ሳቀ። ታንኳዋን በዓይኑ ለካ፤ ሃያ እንግዳ ትይዛለች። ሁለተኛው ድልድይ ሲነሳ ጣውላውን በአንድ በኩል ራሱ ያዘለት። "አስፋው፣ አስፋው" አለ፤ "ብዙ ሰው በአንዴ ስይዝ ደስ ይለኛል።"

ሐሙስ ከቢር ሱቁ ውስጥ፣ ሁለት ጎረቤቶች ቆመው እየሰሙ፣ አጎቱን ሚስባህን "ነገ እኔ ውሃ ላይ ነኝ። የኔን ጉዳይ አንተ ጨርስልኝ" አላቸው።

"አይዞህ" አሉ ሚስባህ።

ዓርብ ጠዋት ታንኳዋ በሸራ ተሸፍና ወጣች። ከሸራው ሥር የቀይ ሻርፕ ጫፍ ይታያል። ከቢር ላብ በላብ ሆኗል። ሁለተኛው ድልድይ ሥር ሲደርስ ሳጅን ማሴኮ ዘሎ ገባ።

"ሃይቦ! በቃ፣ ሙሽሪትን ያዝኳት። ፍታው!"

ከቢር ገመዱን ቋጠሮ በቋጠሮ ፈታ። ብዙ ቋጠሮ ነበር። ሸራው ሲነሳ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ቀዩ ሻርፕ የጆንያ ማሰሪያ ነበር። ሳጅኑ ሁሉንም ጆንያ እያነሳ አየ፤ ከዱቄቱ ሥር ዱቄት፣ ከዚያም ሥር የሽንት ቤት ወረቀት። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተሸ። ሲጨርስ ጫማው ድረስ ነጭ ሆኖ ነበር።

"ምንም የለም" አለ እያለከለከ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ግን አንተ እዚህ ከኔ ጋር ነህ። ስለዚህ ዛሬም አላገባህም!"

ከቢር አንገቱን ደፋ። ሳጅኑን እንኳ ትንሽ አሳዘነው።

አጎት ሚስባህ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሀጂ ጣሃ ግቢ በኩል እየሮጡ ድልድዩ ላይ ወጡና ቁልቁል ጮኹ፦ "ከቢር፣ መብሩክ! ወኪልህ ሆኜ በአንተ ስም 'ተቀብያለሁ' ብያለሁ፤ ኒካው ታስሯል፤ ሚስትህ ለምሳ ምን ልሥራ እያለች ነው!"