የሰፈሩ ካርታ

የአንዲት ወጣት ልጅ ጎረቤት በምጥ የሞተችው አምቡላንሱ ቤቷን ፍለጋ ሲዞር ብዙ ሰዓት ባክኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስልኳን ይዛ፣ ከተማው ዳር ያለውን ሰፈሯን ቤት ለቤት እየዞረች፣ ማንም ከኢንተርኔት ሊያየው የሚችል ካርታ ላይ አሰፈረችው። በሩን ያልከፈተላት ጎረቤት አልነበረም።

አንድ ማለዳ የሟቿ እናት እትዬ ብርቅነሽ እያለከለኩ መጡ።

"በአንቺ ካርታ እየተመሩ ነገ ሊያፈርሱን ነው አሉ። ምን አደረግሽን፣ ልጄ?"

ልጅቷ ቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረች፤ ስልኳን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሦስት የወረዳ ሠራተኞች ጠዋት ከኢንተርኔት ያተሙትን ካርታ ይዘው መጡ። ሰዉ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ቆመ። እሷም ከሰው መሃል ነበረች። አንደኛው ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ካርታው ላይ ያሉት ቤቶች በነባርነት ይመዘገባሉ፤ ማንም አይነካቸውም። የሚፈርሰው ከካርታው ውጭ የሆነው ነው።"

እልልታው ቀለጠ። እትዬ ብርቅነሽ እያለቀሱ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። እሷ ግን ድርቅ ብላ ቀረች።

ሠራተኞቹ በየበሩ ቁጥር እየጻፉ ሄደው አንድ ሰማያዊ በር ፊት ቆሙ። ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

"ይሄኛው የለም። የማን ቤት ነው?"

"የእሷ እኮ ነው፣ ካርታውን የሠራችው!" አሉ እትዬ ብርቅነሽ። "እንዴት ይቀራል?"

ልጅቷ ትናንት በሩን ቀርቅራ ስትቀመጥ፣ ከሰፈሩ ሦስት መቶ ቤት መካከል የራሷን ብቻ ነበር ከካርታው ያጠፋችው።