ከቢጫዎቹ ኳሶች ወዲያ

ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ጸሐይወርቅ ትቆማለች። የነሐሴ ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ገና ስላልተገፈፈ ሐይቁ የት አብቅቶ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ከምትኖርበት ሰፈር ከሬክስዴል ሁለት ባስ ይዛ ነው የመጣችው።

ሁልጊዜ እጇን ይዛት የምትገባው ጓደኛዋ ብርቅዬ ዛሬ የለችም። ማለዳ ኮል አድርጋ፣ "ጉልበቴ አላነቃንቅ ብሎኛል፤ አንቺ ግን ዛሬን እንዳትቀሪ" ብላታለች። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ኤርፖርቱ አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ ሲያሽጉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሰፈር ገንዳ ውስጥ ዋና የተማሩ ባልንጀሮች ናቸው።

ዛሬን እንዳትቀር የተባለችው ውሃው ሊከፋፈል ስለሆነ ነው። ዳር የተተከለው ሰሌዳ ይናገራል፤ ይህኛው ለጀልባ፣ ያኛው ለዓሣ መራቢያ። ውሃው ላይ በተንሳፈፉ ቢጫ ኳሶች የታጠረው የዋናተኞች ጥግ ግን ጠዋት ጠዋት ሰው አይታይበትምና ለቀዛፊዎች ይሰጥ ተብሏል። ዋናተኛ መኖር አለመኖሩን ለማየት የተጀመረው ቆጠራ ዛሬ ያበቃል።

ቆጣሪዋ ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ ላይ የተቀመጠች፣ ላይፍ ጃኬት የለበሰች ወጣት ናት። ጸሐይወርቅ "በስመ አብ" ብላ ስታማትብ ሰምታ ከታብሌቷ ቀና ትላለች።

"ሐበሻ ኖት እንዴ እማማ? ኤልያና እባላለሁ።"

"እሰይ የኔ ልጅ! በይ ዋናተኛ ብለሽ መዝግቢኝ።"

ኤልያና ከንፈሯን ትነክሳለች። "ሶሪ እማማ። እግርዎ መሬት ከነካ ስዊመር አይባልም። ዳር የቆመ ነው የምለው። ሩሉ እንደዛ ነው።"

"እስካሁን ስንት ዋናተኛ ጻፍሽ?"

"ዛሬ? ዚሮ።"

ጸሐይወርቅ ቁልቁል እግሮቿን ታያለች። በወጣትነቷ ወደ ሱዳን ስትሰደድ ተከዜን የተሻገረችው በማታውቀው ሰው ትከሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ማለት ሌላ ሰው ይዞ የሚያሻግራት ነገር ነው። አሁን የሚይዛት የለም።

"ዓይንሽን ከኔ ላይ እንዳታነሺ" ትላታለች።

"አላነሳም።"

ትንጋለላለች። ጣቶቿ አሸዋውን ይለቃሉ።

ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከተማው ይጠፋል። ሰው የሚያሻግር የሩቅ ፌሪ ሞተር እንደ ንብ ያዜማል። የገዛ ትንፋሿ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማታል። ከበላይዋ አንድ አውሮፕላን ሆዱን አሳይቷት ያለ ድምፅ ያልፋል፤ እሱም የተንሳፈፈ ይመስላታል። ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ ስድሳ አራት ዓመቷ ወዴት እንደሄዱ አታውቅም። ምን ያህል እንደቆየችም አታውቅም።

"እማማ! ኳሶቹን አልፈዋል!"

አንገቷን ታዞራለች። ቀጭን ረጅም ጀልባ፣ ስምንት ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ እሷ ይመጣሉ። እግሯ መሬት ይፈልጋል፤ መሬት የለም። ውሃ አፏ ይገባል።

"አይቁሙ! እንደ ቅድሙ ይተኙ! አለሁ፣ እየመጣሁ ነው!"

ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጭንቅላቷን ለውሃው ትሰጠዋለች። ውሃው ይቀበላታል።

ጀልባው ጭራ ላይ ተቀምጣ ቀዛፊዎቹን የምትመራው ሴት አንድ ቃል ትጮኻለች። መቅዘፊያዎቹ ባንድነት ውሃውን ይገቱታል፤ ጀልባው አዝግሞ፣ አዝግሞ ይቆማል። ማንም አይቆጣም። ሴትዮዋ እጇን ወደ ዳሩ ዘርግታ፣ "ቴክ ዩር ታይም" ብላ እንዳትቸኩል ትነግራታለች።

የኤልያና ካያክ አጠገቧ ይደርሳል። ልጅቷ እጇን ብትዘረጋላትም ጸሐይወርቅ አትይዘውም።

"ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ" ትላለች ኤልያና። "አንድ።"

ጸሐይወርቅ መዳፎቿን ከውሃው በታች ቀስ እያደረገች እያንቀሳቀሰች በጀልባው አፍንጫ ፊት ታልፋለች። አየር ላይ ከቆሙት ስምንት መቅዘፊያዎች ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ እያንዳንዱ ጠብታ የየራሱን ክብ ይሠራል፤ ክቦቹ እየሰፉ፣ እርስ በርስ እየተላለፉ መጥተው ትከሻዋን ይነኩታል።