ለሙከራ የወጣው ወንበር

ሻጩ ከኋላ መጋዘን ባትሪ ተሸክሞ ሲመለስ ሁለት ደንበኞች ገብተው አገኘ። ሴትየዋ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ታስተካክላለች። ሰውየው ቆሞ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም።

«ፀሐዩ በረታ አይደል ጋሼ?» አለ ሻጩ።

«በረታ። በሞተር የሚሄደውን ተሽከርካሪ ወንበር ለማየት ነበር።»

«ለማን ነው?»

«ለቤት ነው» አለች ሴትየዋ ፈጠን ብላ።

ሻጩ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እግሩ ደህና ነው፤ ወገቡም ቀጥ ያለ ነው። ሰውየው ከተደረደሩት ስድስት ወንበሮች ጥቁሩን መርጦ ተቀመጠበትና የእግር ማሳረፊያው ከፍ እንዲልለት ጠየቀ። ሻጩ ከፍ አደረገው። ሰውየው ቁመተ ረጅም ነውና ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«እንዲህ እኮ አይመችዎትም። ልመልሰው?»

«ተወው፣ ልክ ነው።»

«ፌንጣ መስለሃል» አለችው ሴትየዋ። እየተያዩ ሳቁ።

ሻጩ አልሳቀም። ወንበር የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ግን የጠየቀው ስለ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ቢቆም ወደ ኋላ ይንሸራተት እንደሆነ። ከዚያ «ውጭ ወስጄ ልሞክረው» አለ።

ባለፈው ወር ለሙከራ የወጣ ወንበር እንደወጣ ቀርቷል። በመያዣነት የተተወው መታወቂያም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የሱቁ ባለቤት ያን ቀን ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው፣ ከእንግዲህ ወንበር ሲወጣ ሰው በመያዣነት እዚህ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ «ሌላ ወንበር ከጠፋ አንተም አብረኸው ጥፋ።» ሻጩ የሦስት ልጆች አባት ነው።

«እሺ፣ ግማሽ ሰዓት። እትዬ ግን እዚህ ይቆያሉ።»

«እቆያለሁ።»

«እንግዲያውስ ጠረጴዛው ጋ መጥተው ይፈርሙልኝ።»

«አምጣልኝ» አለች እጇን ዘርግታ።

ኩራቷ አናደደው፤ ቢሆንም ወረቀቱን ወስዶ የሰውየውን ስልክ ቁጥር አስጽፎ አስፈረማት።

ሰውየው ወጣ። ሻጩ በመስታወቱ ተከታተለው። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ወረደ። ከዚያ ጥጉን ዞረና ተሰወረ።

ግማሽ ሰዓት ሞላ። አርባ ደቂቃ ሆነ። ሻጩ ወረቀቱ ላይ ወደ ተጻፈው ቁጥር ደወለ። ስልኩ ከሴትየዋ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ።

«አይ እሱ! ረስቶት ሄደ» አለች።

ሻጩ ከመጋዘኑ በኩል ብቅ ወዳለው ሽማግሌ ዘበኛ ተጠግቶ አንሾካሾከ፤ «አባባ፣ በሩን ዝጋልኝ። ይቺ ሴት ንቅንቅ እንዳትል።»

ሽማግሌው በሩን ቆልፎ ዱላውን ጨበጠ። ማንሾካሾክ ግን አልቻለበትም። «አታስብ ልጄ! ብትሮጥም አትቀድመኝም፤ በወጣትነቴ እኔን የሚደርስብኝ አልነበረም!»

ሴትየዋ ሰማች። «እኔን ነው የምትጠብቁት?» ብላ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እትዬ፣ በሰው እንጀራ አይሳቅም!» አለ ሻጩ። «እኔም ልጆች አሉኝ። ይነሡ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ!»

ሳቋ ቆመ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አልነሣም» አለች ቀስ ብላ። «ይመጣል። እሱ እስኪመጣ አልነሣም።»

«እንደዚያኛው ወንበር ይመጣላ!» አለ ዘበኛው።

ሰውየው ከወጣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነው። ሻጩ ለሱቁ ባለቤት ሊደውል ስልኩን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ እንደገና አነሣ። ጣቱ የመጨረሻውን ቁጥር ሊነካ ሲል በሩ ተንኳኳ።

ዘበኛው ከፈተ፤ ሰውየው ነው። ጥቁሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አቧራ ለብሷል። የሸሚዙ ክርን ተቀድዶ ደም ይታያል።

«የት ነበሩ ጋሼ? ልትገድሉኝ ነው እንዴ?»

«ቤት ደርሼ መጣሁ፤ ይቅርታ ልጄ።» ዓይኑ ከሴትየዋ ላይ አልተነሣም። «የመኝታ ቤቱ በር ያስገባል። የመታጠቢያ ቤቱ በአንድ ጣት ያህል ይጠበዋል፤ መቃኑን እልገዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለቴ ገልብጦኛል፤ ቀስ ካሉት ግን ይይዛል።»

«ክንድህን አየኸው?» አለች።

«ከገለበጠም በእኔ ይውጣለት ብዬ ነው።»

ከወንበሩ ተነሣ፤ አግዳሚው ሥር ተንበረከከ፤ አንድ እጁን ከጀርባዋ፣ ሌላውን ከጉልበቷ ሥር አስገብቶ ሚስቱን አቅፎ አነሣትና ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።