የወዳጆ ሳል

«አባ፣ አብጃለሁ» አልኳቸው። «ማንም አስሮ አላመጣኝም። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

የንስሐ አባቴን አባ ኃይለገብርኤልን የያዝኳቸው ከቂርቆስ ቅጥር ሊወጡ ሲሉ፣ በሩ ላይ ነው። ጎረቤቴ ኩልሱም ልጄን ወይኒን አዝላ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን ሆንሽ፣ የሺሃረግ?»

ነገርኳቸው። ባሌ ወዳጆ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ከአቧራው የተነሳ ሳል አይለየውም። ወይኒን በሆዴ ትቶልኝ፣ የካቲት ላይ ጣሊያን ከቤት አውጥቶ ወሰደው፤ ይኸው ዓመት ሞላው። ትናንት እዚያ ማዶ፣ ለሹማምንታቸው ቤት ከሚያሠሩበት ከካዛንቺስ፣ ሳሉን ሰማሁ። ምድጃው አጠገብ የምትድኸውን ልጄን ጥዬ ሮጥኩ። የጠራቢውን ሁሉ አገጭ እየያዝኩ ፊቱን ሳይ ዘበኛው በሰደፍ መለሰኝ። ኩልሱም ባትደርስ ኖሮ ወይኒ እሳቱ ውስጥ ነበረች።

«ጠበል ግቢ፣ ልጄ።»

«ገባሁ እኮ! ውሃው እየወረደብኝም ጆሮዬ መንገድ መንገዱን ነው።» እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «መርዶዬን ይንገሩኝ፣ አባ። ልጄን ሳልገድላት።»

ዝም አሉ። አባ ዝም ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለዝናቡም ለፀሐዩም ጥቅስ አያጡም። ያኔ ገባኝ።

«መርዶማ በማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ» አሉ ቀስ ብለው። «ስትጮሂ ይሰሙሻል፣ አንቺንም ይወስዱሻል ብለን ፈራን።»

«አልጮህም።»

«ኩልሱም፣ ልጅቷን አውርጂና የሺሃረግን ያዢያት» አሉ።

ዞር አልኩ። የኩልሱም እንባ አገጯ ደርሷል።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እህቴ?»

አባ ጥምጣማቸውን አስተካክለው አፋቸውን ሲከፍቱ «ቆይ!» አልኩ። እስካሁን ባለባል ነኝ። እስካሁን ማታ ይመጣ ይሆናል። ዓመት ሙሉ ያሳበደችኝ ተስፋ ቀሚሴን ይዛ ትጎትተኛለች፤ እንደዚህች ሰዓት ሳስቼላት አላውቅም። ወይኒ መሬት ላይ ጠጠር ወደ አፏ ስትከት አየሁና ወሰድኩባት።

«እሺ፤ ይንገሩኝ።»

«ወዳጆ በተወሰደበት በዚያው ዕለት አርፏል። ያየ ሰው አለ። ነፍሱን ይማር።»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ኩልሱም ወገቤን ይዛ አብራኝ ተወዛወዘች። ጮኼ ባለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠራቢዎቹ ከሥራ ወጥተው አቧራ እንደለበሱ በደጁ አለፉ። ከመካከላቸው አንዱ ሳለ። ጉልበቴ ሊነሳ ሲል ኩልሱም እቅፏን አጠበቀች።

«እሱ አይደለም፣ የሺዬ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ትንሽ ልስማው።»