ሐይቁ ጠራ

አስጎብኚው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ገደሉ ጮኸ። «ነይ!» የእሳተ ገሞራው ግድግዳ ድምፁን ተቀበለና ሦስት ጊዜ መለሰለት፤ ነይ... ነይ... ነይ። ጎብኚዎቹ ክንዳቸውን እያሻሹ ሳቁ። አንዷ ጸጉሬ ቆመ አለች። እሱም ደስ አለው። ይህን ጩኸት መጮህ ከጀመረ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ከሽፎበት አያውቅም።

ባልደረቦቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለምና። ከቆሙበት አፋፍ ቁልቁል ሦስት ሐይቆች ይታያሉ። አረንጓዴውን «እርቅ» ይለዋል። ጥቁሩን «አማት» ይለዋል፤ ዝም ብላ ሁሉን ታያለች እያለ ሰው ያስቃል። እንደ ወፍራም ሻይ የቀላው ሦስተኛው ግን የእንጀራ ገመዱ ነው። ለአንዱ ታጭታ ሌላውን የወደደች ልጅ ነበረች፤ ሐይቁ ክህደቷን አውቆ በስሟ ጠራት፤ «አቤት» ብላ ገባች፤ ውሃውም በእሷ እፍረት ቀላ። ስለዚህ እዚህ ስትቆሙ ስማችሁ ሲጠራ ብትሰሙ አቤት እንዳትሉ፣ ብሎ ይጨርሳል።

ጎብኚዎቹ ፎቶ ለመነሳት ሲበተኑ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን እየተከሉ ወደ እሱ መጡ። ብቻቸውን ነው የመጡት። ዳገቱን ሲወጡ ክንዱን ሰጥቷቸው፣ እሳቸውም መርቀውት ነበር።

«ይህን ታሪክ ማን ነገረህ፣ ልጄ?»

ከአባት ከአያት የወረደ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ ለሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው። የሴትዮዋ አስተያየት ግን አላስዋሽ አለው። እዚህ ይጠብቁ ከነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ እንደሰማው ነገራቸው።

«ዘበኛው ምን ነበር ያሉህ? ቃላቸውን ንገረኝ።»

«ያን ቀን ሐይቁ ጠራና ልጅቷ ወረደች።»

«ይኸው ነው?»

ይኸው ነበር። እጮኛው፣ ሌላው ወዳጅ፣ ክህደቱ፣ አቤቱ፣ ሁሉም የራሱ ጭማሪ ነው። ከአንድ ቃል ተነስቶ ልጅቷን ድሮ፣ አስከድቶ፣ ቀብሯታል።

አሮጊቷ ቁልቁል ወደ ቀዩ ውሃ አዩ።

«ዘበኛው ልክ ናቸው። ጠራ። እንደ ብርጭቆ ነው የጠራው፤ ከስር ያለው ድንጋይ ሁሉ ይታይ ነበር። ልጄ ውሃ ለኪ ነበረች። ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር ወርዳ በጠርሙስ መቅዳት ሥራዋ ነው። ለካ ሲጠራ ከስሩ መጥፎ አየር ይወጣል። ጠርሙሱን ሞልታ ከድናዋለች፤ ቀኑንም ጽፋበታለች። አጠገቡ አገኘናት። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።»

ለካ ሐይቁ ማንንም አልጠራም፤ ውሃው ነው የጠራው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ እሱም ለጎብኚ ስንት ጊዜ ተርቶታል። ያኛው ጠራ ግን አንድም ቀን ትዝ አላለውም። ፊቱ ተቃጠለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሬዲዮ ተዘጋ።

«አላውቅም ነበር፣ እማማ» አለ በስንት ትግል።

«አታውቅም። ባለፈው ታናሿ ልጆቿን ይዛ ልታስጎበኝ መጥታ ነበር። አንተን ሰምተው ተመለሱ። ‹አክስታችን ከዳተኛ ነበረች ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። እሷ እንኳን ሁለት፣ ለአንድ እጮኛም ጊዜ አልነበራት። ብነግራቸው ማን ይመነኝ? የአንተ ይጣፍጣላ። ለዚህ ነው በዚህ ጉልበቴ የወጣሁት።»

ይህን እየሰማ አስጎብኚው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ከጀርባው በሁለት ብረት ላይ የቆመ ሰሌዳ አለ። ራሱ ገዝቶ ራሱ በቀይ ቀለም የጻፈው ነው፤ «የከዳተኛዋ ሐይቅ»። በትከሻው ሊሸፍነው ሞከረ። ሰሌዳው ከትከሻው ይሰፋል።

«እሱ ከኋላህ ያለው ምን ይላል?» አሉ። «ፊደሉ ለዓይኔ አልያዝ አለኝ። አንብብልኝ እስቲ።»

ዞሮ አየው። የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው፤ ከፊደሎቹ ስር የእንባ ዘለላ ሳይቀር ስሎበታል። የሚያስጥለው ሰው ፈለገ፤ ጎብኚዎቹ ግን በየአፋፉ ተቃቅፈው ፈገግ ይላሉ። እውነቱን ማንበብ ነበረበት፤ ያውቀዋል። አፉ እምቢ አለው።

«የውሃ ለኪዋ ሐይቅ ይላል» አለ።

«እስቲ ድገመው።»

«የውሃ ለኪዋ ሐይቅ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ሹራባቸው ውስጥ ሰደዱና በክር የተንጠለጠለ መነጽር አወጡ። በእጅጌያቸው ጫፍ ጠርገው አደረጉት። ሰሌዳውን አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አነበቡት። ዘጠኝ ፊደል ነው። አስጎብኚው ዘጠኙንም አብሯቸው ቆጠረ።

አልተቆጡም። መነጽሩን አውልቀው ወደ ቦታው መለሱት።

«እንዳነበብከው ጻፈው» አሉ፤ ቁልቁለቱን እንዲያወርዳቸውም ክንዱን ያዙ።

ጥቂት እንደወረዱ አንዲት ጎብኚ ከአፋፉ ላይ ሆና እሱን አስመስላ «ነይ!» ብላ ጮኸች። ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰላት። ሦስቱንም ጊዜ የአሮጊቷ እጅ ክንዱ ላይ ጠበቅ አለ።