ርብቃን የጻፋት ዕለት

ሰው ከገዛ ሕይወቱ የጻፈውን ነገር ወዲያው መርሳት ከጀመረ ወዲህ፣ ብልህ የሆነ ሁሉ ብዕር መያዝ እርግፍ አድርጎ ተወ። አስቻለው ግን ደራሲ ነኝ ብሎ ቀጠለ። መጽሐፉን ራሱ ያሳትማል፤ ራሱ ተሸክሞ ካፌ ለካፌ ያዞራል፤ ጎረቤት እንደሚያማው ከሆነ የሚያነበውም ራሱ ነው፣ ያውም እንደ አዲስ እየገረመው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ የእናቱን ፊት አጣ። በሁለተኛው የሠርጉን ቀን ጻፈና ሚስቱን ትርንጎን «ለመሆኑ እንዴት ተጋባን?» ብሎ ጠየቃት። እሷም በሳቅ አለፈችው። አሁን ግን ያልተጻፈች የሞተችው ልጃቸው ርብቃ ብቻ ቀረች።

«አስቻለው፣ እሷን እንኳ ተዋት።»

«አንቺ ሴት፣ መጽሐፍ ውስጥ ከገባች እኮ አትሞትም!»

«ለአንባቢህ ነዋ! እኔስ ከማን ጋር ላንሳት? ስትስቅ አፍንጫዋን ሽብሽብ እንደምታደርግ ከአንተ ሌላ ማን ያውቅልኛል?»

«ውይ፣ እሱን ዘልዬው ነበር» አለና ወረቀቱን ሳበ።

የርብቃ ሙት ዓመት ዕለት ግቢው በጎረቤት ተሞላ። አስቻለው መጽሐፉን ጨርሶ፣ ፊቱ ፈክቶ ከክፍሉ ወጣ። ሚስቱን በጥቁር ልብስ ሲያያት ክው አለ። ጨዋ ሰው ነውና ከእንግዶቹ ኋላ ቆሞ ተራውን ጠበቀ፤ ሲደርሰው ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ትርንጎዬ። ማን ሞተብሽ?»

ትርንጎ ሌላውን እጇን በእጁ ላይ ደረበች።

«ልጅ ነበረችኝ» አለችው።