ጀልባው እስከ ሐሙስ አይመጣም

አማቴ ከመረብ አልጋው መውጣት አቅቷቸዋል። አንድ እግራቸው ወደ ሰማይ ተሰቅሏል፤ ሌላው መረቡ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። በሁለቱ የኮኮናት ዛፎች መሃል እንደ ተያዘ ዓሣ ይወዛወዛሉ።

«ሳቂ፣ ሳቂ» ይሉኛል። «ሠላሳ ዓመት በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ትኬት ስቆርጥ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። ዛሬ በቆመ ዛፍ ልዋረድ?»

«እጅዎን ይስጡኝ፣ እማማ።»

«ቆይ እስቲ። ለካስ ይመቻል።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አጠገባቸው አሸዋው ላይ እቀመጣለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ባሕሩ ገና አልተነሣም፤ ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ እግራችን ሥር ሲደርስ ደግሞ ጠጠሩ እስኪቆጠር የጠራ ነው። ደሴቲቱ ላይ አራት የሣር ጎጆዎች፣ ጥቂት እንግዶችና አንድ አስተናጋጅ አሉ። ስልክ አይሠራም። ትናንት ስንደርስ አስተናጋጁ ሻንጣችንን ተቀብሎ፣ «እንግዲህ እዚህ ሥራችሁ መተኛት ነው» አለን። አማቴ ቃሉን አክብረው አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኙ። እኔ የአጎበሩን ቀዳዳ ስቆጥር አነጋሁ።

የምንመጣው ሦስት ሆነን ነበር። ባሌ ሻንጣውን ሁሉ ጀልባው ላይ ከጫነ በኋላ ስልኩን አየና፣ «መሥሪያ ቤት ፈለጉኝ» አለ። ቀጥሎ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «በቃ አንቺው ንገሪያት። እኔ አፌን ስከፍት ይተሳሰርብኛል» አለኝ። ሞተሩ ሲነሣ ወደቡ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልብ ነበር። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ እናቱን ፈርቶ።

የሚነገረው ይኼ ነው፦ ስድስት ዓመት አብረውን ከኖሩ በኋላ፣ ሌላ ከተማ ያለችው ትልቋ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እንዲኖሩ ወስነናል። «ወስነናል» የምለው ለአፍ እንዲቀለኝ ነው። የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል፣ ማታ የሚያምረኝ የሚዘጋ በር ነበር። አማቴ ደግሞ የተዘጋ በር አያውቁም። ሻይ ይዘው ይገባሉ፣ ፎጣ ይዘው ይገባሉ፣ ምንም ከሌለ ወሬ ይዘው ይገባሉ።

«እማማ» እላለሁ። «አንድ ነገር ልነግርዎ ፈልጌ ነበር።»

መወዛወዙ ይቆማል።

«እኔም አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» ይላሉ፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ። «ታላቅ ልቅደም። ልጄ ጋ፣ እዚያ ሩቅ አገር፣ አልሄድም።»

«ማን ነገረዎት?» እላለሁ።

«ኩሽና ገብታችሁ የምታንሾካሹኩት ሁሉ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ‹ቀስ በይ› ሲልሽ ደግሞ ይብሳል።»

«እማማ፣ እኔ...»

«ተቀይሜሽ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ልብ አላልሽም?»

ሁለቱን ሳምንታት በሐሳቤ እፈትሻለሁ። ማታ ማታ ሻይ ይዘው መምጣት ያቆሙበት ጊዜ ነው። እኔ እፎይ ብዬ ነበር።

«አላልሁም» እላለሁ።

«አውቃለሁ። የማይታይ ኩርፊያ ደግሞ ያደክማል፤ ተውኩት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

«እሱን ኋላ። መጀመሪያ ስሚኝ። ቤት አግኝቻለሁ።»

ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። ቀልድ አይደለም።

«ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ነው። ‹ፍሬን የለሽ› የምንላት ሾፌር ነበረች አላልኩሽም? እሷ ግቢ ውስጥ። አንድ ክፍል ለቅቃልኛለች። ሄጄ አየሁት፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። እኔም እኮ በር መዝጋት አማረኝ፣ ልጄ። እናንተ ቤት ቀን ዘበኛ ነኝ፣ ማታ እንግዳ። ሻይ ይዤ የምመጣው የት ልግባ ብዬ ነው እንጂ ጠምቷችሁ መስሎኝ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን? ለባልሽ? እሱማ ያለቅሳል! አንቺ ትነግሪልኛለሽ ብዬ ነው እንጂ እኔን ባሕር ምን አመጣኝ?»

ሳቁ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እናትና ልጅ፣ አንዱ ለሌላው «ንገሪልኝ» ብለው በአንድ ጀልባ ጭነውኛል። በሳቅና በእንባ መሃል ባሌ ወደቡ ላይ ያለኝን ስነግራቸው፣ መረቡ እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። «አይ ወንድ! አይ የኔ አንበሳ!» እያሉ አንዴ በጎን ይገለበጡና አሸዋው ላይ ዘጭ ይላሉ።

በርግጌ እነሣለሁ። ምንም አልሆኑም። ነጠላ ጫማቸው ወዲያ ተወርውሯል፤ ፀጉራቸው አሸዋ በአሸዋ ሆኗል።

«ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ። ላሳይሽ» ይላሉ፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። በጣታቸው አሸዋው ላይ አራት ማዕዘን ይሥላሉ። «ይኸው በሩ። አልጋዬ እዚህ። ምድጃው እዚህ። መስኮቱ በጋራዡ በኩል ነው፤ ጧት ጧት ሞተር ሲያስነሡ እሰማለሁ።»

አልጋውና ምድጃው ክፍሉን ሞልተውታል። ምድጃው አጠገብ ስንዝር የማትሞላ ቦታ ቀርታለች። ሳላስበው ጣቴ እዚያ ቀጭን አራት ማዕዘን ይሥላል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፍራሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ የማድርበት።»

ፍራሿን ረጅም ጊዜ ያዩዋታል። ከዚያ በመዳፋቸው አንደኛውን ግድግዳ ጠራርገው ያጠፉና፣ በጉልበታቸው እየዳሁ፣ ክፍሉን ወደ ባሕሩ ማስፋት ይጀምራሉ።